ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይበራል? ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

«ከአዲስ ጆበርግ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም። ልጇን ልትቀበል ቦሌ የምትወጣ እናት ትጠይቀኛለች። ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ወንድሙ ዘንድ ሊሄድ ትኬት የቆረጠ ወጣት ይጠይቀኛል። የጆበርጉን ስመልስ የናይሮቢ ይመጣል፤ ከዚያ የሌጎስ፣ ከዚያ የአክራ። ስለዚህ አንድ ቁጥር ነግሬያችሁ ከማልፍ ስሌቱን ራሱን ላሳያችሁ። አንዴ ከያዛችሁት ለየትኞቹም ሁለት የአፍሪካ ከተሞች ይሠራል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ርቀት፣ የበረራ ጊዜ እና ትኬት ላይ የሚነበበው ሰዓት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ሦስቱን ከማቀላቀል ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሄዳለን፦ መጀመሪያ ርቀቱ፣ ቀጥሎ ጊዜው፣ በመጨረሻ ሰዓቱ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ጉግል ማፕ ያለበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር
- ሳይን እና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር። ብዙ ስልኮች ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ ስልኩን በጎኑ ስታዞሩት ይመጣል። ስልኩ እንዳይዞር ተቆልፎ ከሆነ መጀመሪያ ቁልፉን አንሱ።
- ወረቀት እና እስክሪብቶ
- ትኬት ቆርጣችሁ ከሆነ ትኬቱ። የአውሮፕላኑ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛል።

ሒሳቡን በእጅ መሥራት ካልፈለጋችሁ ካልኩሌተሩ ለማካፈል ብቻ ይበቃችኋል።

እርምጃ 1፦ ከተማውን ትታችሁ ኤርፖርቱን ምረጡ

አውሮፕላን የሚነሳው ከኤርፖርት ነው። ካርታ ላይ «አዲስ አበባ» ብላችሁ ስትጽፉ ግን የሚመጣላችሁ የከተማው መሀል ነው። ለቦሌ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ኤርፖርቱ ከተማው ውስጥ ነው። ለዳካር ግን ያመጣል። የሴኔጋል ዋና ኤርፖርት ከ2017 ታኅሣሥ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ብሌዝ ዲያኝ ነው፤ ከዳካር መሀል ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አሮጌው የከተማው ኤርፖርት አሁንም ካርታ ላይ ስላለ ሰው በእሱ ይለካል።

አንዳንድ ከተማ ደግሞ ከአንድ በላይ ኤርፖርት አለው። ጆሃንስበርግ ኦ.አር. ታምቦ እና ላንሴሪያ አሉት። ከአዲስ የምትሄዱት ኦ.አር. ታምቦ ነው። ናይሮቢ ጆሞ ኬንያታ እና ዊልሰን አሉት፤ ዊልሰን በአብዛኛው የትናንሽ አውሮፕላኖች ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ትኬቱ ላይ ያለውን ባለ ሦስት ፊደል ኮድ እዩ። ቦሌ «ኤ ዲ ዲ» ነው፣ ኦ.አር. ታምቦ «ጄ ኤን ቢ»፣ ጆሞ ኬንያታ «ኤን ቢ ኦ»፣ ሌጎስ «ኤል ኦ ኤስ»። ሻንጣችሁ እጀታ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት በትልቁ የሚታተመውም ይኸው ኮድ ነው።

እርምጃ 2፦ የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስ እና ኬንትሮስ አውጡ

ጉግል ማፕ ላይ ኤርፖርቱን ፈልጉ። ማኮብኮቢያው እስኪታይ አቅርቡት። ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩ። ቀይ ምልክት ይተከላል። ሁለቱ ቁጥሮች መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ወይም ከታች በሚወጣው ገጽ ላይ ይመጣሉ። ተርሚናሉን ከነካችሁ የሕንፃውን ስም እና ፎቶ ስለሚያመጣላችሁ ነው ባዶውን ቦታ የምመርጠው።

መጀመሪያ የሚመጣው ቁጥር ኬክሮስ ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፤ ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ። ሁለት ዲጂት ከነጥቡ በኋላ ይበቃችኋል፦

ቦሌ፦ ኬክሮስ 8.98፣ ኬንትሮስ 38.80
ኦ.አር. ታምቦ፦ ኬክሮስ −26.14፣ ኬንትሮስ 28.25

ማስጠንቀቂያ፦ ከ26.14 በፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት እንዳትዘሏት። ደቡብ ማለት ናት። ብትረሷት ምን እንደሚፈጠር ቁጥሩን ስንሠራ አሳያችኋለሁ።

እርምጃ 3፦ የአየር ርቀቱን ለኩ

ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ መንገድ ጉግል ማፕ ራሱ እንዲለካ ማድረግ ነው። ቦሌ ላይ ምልክቱን ከተከላችሁ በኋላ ከታች የሚወጣውን ገጽ ወደ ላይ ሳቡና ርቀት የመለኪያውን ምርጫ ንኩ። የማስመሪያ ሥዕል አለው። ከዚያ ካርታውን እየሳባችሁ መስቀለኛውን ኦ.አር. ታምቦ ላይ አድርሱት። ኪሎ ሜትሩ ከታች ይነበባል። በኮምፒውተር ከሆነ ኤርፖርቱ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፤ ያው ምርጫ ይመጣል። «አቅጣጫ» የሚለውን እንዳትጫኑ። እሱ የመኪና መንገድ ነው የሚሰጣችሁ።

ሁለተኛው መንገድ በእጅ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል፣ ካርታው የሰጣችሁንም ቁጥር ለማጣራት ይረዳል። አንድ መስመር ብቻ ነው፦

(የ1ኛው ኬክሮስ ሳይን × የ2ኛው ኬክሮስ ሳይን) + (የ1ኛው ኬክሮስ ኮሳይን × የ2ኛው ኬክሮስ ኮሳይን × የኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን)

ከመጀመራችሁ በፊት ካልኩሌተሩን ፈትኑት። ሳይን 30 ብላችሁ ጻፉ። 0.5 ካለ በዲግሪ እየሠራ ነው፤ ቀጥሉ። ሌላ ቁጥር ካለ በራዲያን ላይ ነውና ወደ ዲግሪ ለውጡት። ይህን ሳታጣሩ የሚወጣው መልስ ሁሉ ዋጋ የለውም።

አሁን ቁጥሮቹን እናስገባ፦

ሀ. ሳይን 8.98 = 0.156። ሳይን −26.14 = −0.441። ሲባዙ −0.069 ገደማ።
ለ. ኮሳይን 8.98 = 0.988። ኮሳይን −26.14 = 0.898። የኬንትሮሶቹ ልዩነት 38.80 − 28.25 = 10.55፤ ኮሳይኑ 0.983። ሦስቱ ሲባዙ 0.872 ገደማ።
ሐ. ሁለቱ ሲደመሩ 0.803።
መ. የ0.803ን የኮሳይን ግልባጭ ውሰዱ። ካልኩሌተሩ ላይ የሁለተኛ ተግባር ቁልፉን ስትነኩ ኮሳይን በነበረበት ቦታ የሚመጣው እሱ ነው። 36.6 ዲግሪ ይሰጣችኋል።
ሠ. በ111.2 አባዙ። 4,070 ኪሎ ሜትር ገደማ።

111.2 ከየት መጣ? የምድር ዙሪያ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። ለ360 ዲግሪ ስታካፍሉት አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። ምድር መሀሏ ላይ ትንሽ ወፈር ስለምትል የተለያዩ መሣሪያዎች ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይለያያሉ። አንዱ 4,055፣ ሌላው 4,073 ቢላችሁ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አሁን ወደ መቀነስ ምልክቷ። 26.14ን ያለ ምልክቷ ብታስገቡት መልሱ 2,210 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ካልኩሌተሩ ቅር አይለውም፤ ቁጥሩም ለዓይን ያምራል። የለካችሁት ግን እስከ ግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ድረስ ነው። ይህን የሚይዝ ማጣሪያ አለ፦ ሁለቱ ቦታዎች በሰሜን እና ደቡብ ስንት ዲግሪ እንደሚራራቁ በ111 አባዙት። ቦሌ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ በላይ ነው፣ ጆሃንስበርግ 26 ዲግሪ በታች። ድምሩ 35፣ በ111 ሲባዛ 3,885። እውነተኛው ርቀት ከዚህ ሊያንስ አይችልም። መልሳችሁ ካነሰ ምልክቷ ጠፍታለች ማለት ነው።

እርምጃ 4፦ አውሮፕላኑ በትክክል የሚሄድበትን መንገድ ገምቱ

4,070 ኪሎ ሜትር ክር ወጥሮ እንደመለካት ነው። አውሮፕላን ግን ክሩን አይከተልም። በነፋሱ አቅጣጫ ይነሳል፣ ዞሮ መስመሩን ይይዛል፣ በተወሰኑ የአየር መንገዶች ላይ ይሄዳል፣ ሲያርፍም ወረፋ ይዞ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ እኔ ከ3 እስከ 5 በመቶ እጨምራለሁ። ለአጭር በረራ 5፣ ለረጅሙ 3 ወይም 4። ለጆሃንስበርግ 4 በመቶ ስንጨምር 4,230 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ይህ የማይሠራበት ጊዜ አለ፤ እሱን በደንብ ያዙት። መሀል ላይ የተዘጋ ወይም የሚሸሽ የአየር ክልል ካለ 4 በመቶ አይበቃም። ካይሮን እንውሰድ። ከቦሌ ካይሮ በቀጥታ 2,475 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥታው መስመር ግን ሱዳንን ሰንጥቆ ያልፋል። በ2023 ሚያዝያ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ይህ መስመር እንደ ድሮው አይደለም፤ አውሮፕላኖች ይዞሩታል። እዚህ ጋ በመቶኛ ከመገመት ይልቅ እንደ ፍላይትራዳር24 ያለ የበረራ መከታተያ ክፈቱ፣ ያለፉ ቀናት በረራ የሄደበትን መስመር እዩ፣ ከዚያ ጉግል ማፕ ላይ በዚያው መስመር ላይ ነጥብ በነጥብ እየጨመራችሁ ለኩት። መለኪያው ከሁለት ነጥብ በላይ ይቀበላል። የምታገኙት ቁጥር ከቀጥታው በግልጽ ይበልጣል፤ ሰዓቱም አብሮ ይረዝማል።

እርምጃ 5፦ ርቀቱን ወደ በረራ ጊዜ ቀይሩ

ቀመሩ እንዲህ ነው፦ ርቀት ÷ የአውሮፕላኑ ፍጥነት + 30 ደቂቃ።

ፍጥነቱ በአውሮፕላኑ ዓይነት ይለያያል። ከፍታውን ይዞ ሲበር የምጠቀምባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

- ቦይንግ 787፣ ቦይንግ 777 እና ኤርባስ ኤ350፦ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር
- ቦይንግ 737፦ በሰዓት 840 ኪሎ ሜትር
- ኪው 400 (ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ፣ አገር ውስጥ የምታውቁት)፦ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር
- ኤቲአር 72፦ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር

30 ደቂቃው ለምንድን ነው? አውሮፕላን ተነስቶ ከፍታው ላይ እስኪደርስ፣ ከዚያም ለማረፍ ሲወርድ ሙሉ ፍጥነቱን አይጠቀምም። መሬት ላይም ከበሩ ተነስቶ ማኮብኮቢያው ድረስ፣ ካረፈም በኋላ እስከ በሩ ይንከባለላል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ ከበር እስከ በር ያለው ነው። መከታተያው ላይ የምታዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ አየር ላይ ያለው ብቻ ስለሆነ ከትኬቱ ያጥራል። ሁለቱ ቢለያዩ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

«ቦሌ ከፍታ ቦታ ስለሆነ ቶሎ ይወጣል ወይ?» የሚሉኝም አሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ ኦ.አር. ታምቦም ወደ 1,700 ሜትር ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል የሚነካው በዋናነት አውሮፕላኑ ይዞ መነሳት የሚችለውን ክብደት ነው። ለእኛ ስሌት ደቂቃ መቀነስ አያስፈልግም።

አሁን እንሥራው። በ787 ከሆነ፦

4,230 ÷ 900 = 4.7 ሰዓት

እዚህ ጋ ቆም በሉ። 4.7 ሰዓት ማለት አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ አይደለም፣ አራት ሰዓት ከሰባም አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 አባዙ፦ 0.7 × 60 = 42 ደቂቃ። ስለዚህ 4 ሰዓት ከ42 ደቂቃ። 30 ስንጨምር 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ።

በ737 ከሆነ 4,230 ÷ 840 = 5.04፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፤ 30 ስንጨምር 5 ሰዓት ከ32። እንግዲህ ለጆበርግ ጥያቄ መልሱ «እንደ አውሮፕላኑ ከአምስት ሰዓት ከሩብ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል» ነው። አየር መንገዶች ትንሽ የመጠባበቂያ ደቂቃ ስለሚጨምሩ ትኬቱ ላይ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ረዘም ቢል አትገረሙ።

ነፋሱስ? ከኋላ ከገፋ ያሳጥራል፣ ከፊት ከመጣ ያስረዝማል። ጆሃንስበርግ ከእኛ ወደ ደቡብ ስለሆነ ነፋሱ በአብዛኛው ከጎን ነው የሚመጣው፤ የመሄጃው እና የመመለሻው ልዩነት ትንሽ ነው። ወደ ምዕራብ አፍሪካ ስትሄዱ ግን ከፍ ባለው ሰማይ ላይ በእኛ ክረምት ወራት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ጠንካራ ነፋስ አለ። ለሌጎስ እና ለአክራ መሄጃውን እና መመለሻውን ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብላችሁ ያዙት።

እርምጃ 6፦ የሰዓት ልዩነቱን አስገቡ

ትኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት በመነሻው አገር ነው፣ የመድረሻው ደግሞ በመድረሻው አገር። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱን ቀንሶ «በሄድኩበት በአራት ሰዓት ተኩል ደረስኩ፣ ስመለስ ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ» ይላል። ፍጥነቱ አልተለወጠም።

ለማሳያ ያህል የ5 ሰዓት ከ25 ደቂቃ በረራ እንውሰድ። ከቦሌ በ08:45 ተነሳ። 5:25 ሲጨመር 14:10፤ ይህ ግን በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ደቡብ አፍሪካ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ትኬቱ ላይ 13:10 ይጻፋል። ሲመለስ ከጆሃንስበርግ በ14:30 ተነሳ እንበል። በእኛ 15:30 ነው። 5:25 ሲጨመር ቦሌ በ20:55 ያርፋል።

ከኢትዮጵያ ጋር ሲነጻጸሩ፦ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲ እና ኤርትራ እኩል ናቸው። ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌ፣ ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክ፣ ሩዋንዳ፣ ሱዳን እና ደቡብ ሱዳን 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ አንጎላ እና ቻድ 2 ሰዓት። ጋና፣ ሴኔጋል፣ ማሊ፣ ቶጎ እና አይቮሪ ኮስት 3 ሰዓት። ሞሪሺየስ እና ሲሸልስ 1 ሰዓት ይቀድሙናል።

ሁለት ቦታ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ዴሞክራቲክ ኮንጎ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር አላት፦ ኪንሻሳ ከእኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ፣ ሉቡምባሺ 1 ሰዓት። ግብፅ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሰዓቷን ወደፊት ትገፋለች። በዚያ ጊዜ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ በቀረው ወራት 1 ሰዓት ወደ ኋላ።

እርምጃ 7፦ ወደ ሀበሻ ሰዓት እና ቀን ለውጡ

በረራ የሚያመልጠው እና ዘመድ በባዶ ኤርፖርት የሚጉላላው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

- ትኬቱ ከ07:00 እስከ 18:59 ካለ 6 ቀንሱ። 08:45 ማለት ከጠዋቱ 2:45።
- ከ19:00 እስከ 23:59 ካለ 18 ቀንሱ። 20:55 ማለት ከምሽቱ 2:55።
- ከ00:00 እስከ 06:59 ካለ 6 ጨምሩ። 00:30 ማለት ከሌሊቱ 6:30።

የመጨረሻው በጣም አደገኛ ነው። በፈረንጆቹ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ግን ሌሊቱ የማታው ቀን ቅጥያ ነው፤ ቀኑ ሲነጋ ነው የሚለወጠው። እስቲ ትኬቱ «ጁላይ 15፣ 2026፣ 00:30» ይበል። ጁላይ 15 ማለት ረቡዕ ሐምሌ 8፣ 2018 ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ቦሌ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከቤት መውጣት ያለባችሁ ማክሰኞ ሐምሌ 7 ማታ ነው። ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ለመገኘት ማክሰኞ ከምሽቱ 3:30 ቦሌ ትሆናላችሁ።

ለዘመድ በስልክ ስትነግሩ ሰዓቱን ብቻ አትንገሩ። «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚለውን ሳትጠየቁ መልሱት። «ማክሰኞ ማታ ለረቡዕ አጥቢያ፣ በሀበሻ ሌሊት 6:30» ብላችሁ ብትጽፉላቸው የሚሳሳት የለም። እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ለፓስፖርት እና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ያህል ጨምሩ።

እርምጃ 8፦ ትራንዚት ካለ እግር በእግር አስሉ

ቀጥታ በረራ ከሌለ የሁለቱን ከተሞች ርቀት መለካት የጉዞውን ርዝመት አይነግራችሁም። ጆሃንስበርግ ያለ ሰው ሌጎስ ሊሄድ በአዲስ አበባ በኩል ትኬት ቆረጠ እንበል። ከጆሃንስበርግ ሌጎስ በቀጥታ 4,520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ በኩል ግን 4,070 እና 3,920 ሲደመሩ 7,990 ይሆናል። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ በእርምጃ 5 አስሉ፣ የትራንዚቱን ቆይታ መሀል ላይ ጨምሩ፣ የሰዓት ልዩነቱን ግን አንዴ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ አስገቡ። በየመሀሉ የሚያስገባ ሰው ሁለቴ ይቆጥረዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ግምት ተማምናችሁ ሁለት የማይገናኙ ትኬቶችን አጠጋግታችሁ እንዳትቆርጡ። ግምቱ የተለመደውን በረራ ነው የሚያሳየው። አንዱ ቢዘገይ እና ሁለተኛው ትኬት ለብቻው የተቆረጠ ከሆነ ኪሳራው የእናንተ ነው።

ሌሎች የማያቸው ስህተቶች

የመኪና መንገድን እንደ አየር ርቀት መውሰድ። ከአዲስ ናይሮቢ በሞያሌ በኩል በመኪና ወደ 1,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአየር 1,165። በመኪናው ቁጥር ያሰላ ሰው ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ትርፍ ያገኛል።

ማይልን እና ኪሎ ሜትርን ማደባለቅ። 4,070 ኪሎ ሜትር 2,530 ማይል ነው። በአቪዬሽን የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ያው ርቀት 2,200 የባሕር ማይል ገደማ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ 2,200፣ ሌላ ቦታ 2,530፣ ሌላ ቦታ 4,070 ብታነቡ ሦስቱም አንድ ናቸው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን መለኪያ እዩ።

ርቀቱን በ900 ብቻ አካፍሎ መተው። ለረጅም በረራ ስህተቱ ብዙም አይታይም። ለጅቡቲ ግን ይታያል፦ 556 ኪሎ ሜትር ለ900 ሲካፈል 37 ደቂቃ ነው፤ እውነተኛው በረራ ግን ከአንድ ሰዓት ያልፋል። በረራው ባጠረ ቁጥር መነሳቱ እና ማረፉ የሚወስደው ድርሻ ይበዛል።

ለልምምድ

ስሌቱን ከራሳችሁ ጋር ለማመሳከር እነዚህን ከቦሌ ተነስታችሁ ሥሩ። የኬክሮስ እና ኬንትሮሱን ቁጥር በእርምጃ 2 አውጡ። መልሳችሁ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢለይ ልክ ናችሁ።

- ናይሮቢ፦ 1,165 ኪ.ሜ፣ በ737 ወደ 2 ሰዓት፣ የሰዓት ልዩነት የለም
- ኪጋሊ፦ 1,550 ኪ.ሜ፣ በ737 ወደ 2 ሰዓት ተኩል፣ 1 ሰዓት ወደ ኋላ
- ዳሬሰላም፦ 1,765 ኪ.ሜ፣ በ737 ወደ 2 ሰዓት ከ40፣ ልዩነት የለም
- ኪንሻሳ፦ 2,985 ኪ.ሜ፣ በ787 ወደ 4 ሰዓት፣ 2 ሰዓት ወደ ኋላ
- ሌጎስ፦ 3,920 ኪ.ሜ፣ በ787 ከ5 ሰዓት ትንሽ በላይ፣ 2 ሰዓት ወደ ኋላ
- አክራ፦ 4,310 ኪ.ሜ፣ በ787 ወደ 5 ሰዓት ተኩል፣ 3 ሰዓት ወደ ኋላ
- ዳካር፦ 6,100 ኪ.ሜ፣ ሳያቋርጥ ቢበር በ787 ወደ 7 ሰዓት ተኩል፣ 3 ሰዓት ወደ ኋላ

አክራ እና ዳካር ከግሪንዊች ወደ ምዕራብ ስለሆኑ የመቀነስ ምልክቷ አሁን ኬንትሮሱ ላይ ትመጣለች። የዳካር ኬንትሮስ −17.07 ነው። ልዩነቱን ስትሠሩ 38.80 − (−17.07) ይሆናል፤ ማለትም ትደምራላችሁ፣ 55.87። ቀንሳችሁ 21.73 ካገኛችሁ መልሳችሁ ዳካር አይደርስም፤ ቻድ አካባቢ ይቀራል።